ቪ ኤይት ለቤተሰብ ያዋጣል? ላንድ ክሩዘር በዓባይ በረሃ መንገድ ሲመዘን

ቪ ኤይት መንገድ ላይ ሲያልፍ ልብ ብለው ያውቃሉ? ሚኒባሱ ይሸሻል፣ የሆቴል ጥበቃው ሳይጠየቅ በር ይከፍታል፣ ሠርግ ቤት ከደረሰ ደግሞ "ማን መጣ?" እየተባለ አንገት ይሰገጋል። ለብዙ ዓመታት የባለሥልጣን፣ የዓለም አቀፍ ድርጅትና የባለሀብት መኪና ሆኖ ስለቆየ ከመኪናነቱ በፊት ማዕረግነቱ ይታያል። "እገሌ ቪ ኤይት ያዘ" ሲባል ስለ ሰውየው ኑሮ ሌላ ነገር መጨመር አያስፈልግም።

ዛሬ ግን ማዕረጉን ወደ ጎን ትተን እንደ ቤተሰብ መኪና እንመዝነዋለን። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ይህን መኪና ለመግዛት የሚያስብ መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ በአንድ እጁ የመኪናውን ዋጋ፣ በሌላው እጁ የቤት ዋጋ ወይም የልጆች ትምህርት ወጪ ይዞ ነው የሚያስበው። እኔ በሙያዬ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። አንድን ዕቃ ሳይ "ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለው በትክክል ለምኑ ነው?" ብዬ መጠየቅ ልማዴ ነው። ቪ ኤይትንም በዚሁ ጥያቄ ነው የምናየው።

መለኪያችን ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይሁን። ሱሉልታን፣ ጫንጮን፣ ፊቼንና ገብረ ጉራቻን አልፎ ጎሐ ጽዮን ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርድና በደጀን በኩል ወደ ጎጃም ደጋ ይወጣል። ሜዳ፣ ቁልቁለት፣ ሙቀት፣ ዳገትና ብርድ በአንድ ቀን የሚገናኙበት መንገድ ነው። ቤተሰባችን ከደብረ ማርቆስ ስለሆነ መንገዱን በአውቶብስ፣ በሚኒባስና በትንሽ አውቶሞቢል ተመላልሼበታለሁ። በጥር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ለዘመድ ሠርግ በኪራይ ቪ ኤይት ስምንት ሆነን ሄደን ተመልሰንበታል። ከዚህ በታች የምነግርዎ ከዚያ ጉዞ ያየሁትንና ስለ መኪናው የሚታወቀውን አንድ ላይ አድርጌ ነው።

የትኛው "ቪ ኤይት"?

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ቪ ኤይት የመኪና ስም አይደለም። ስምንት ሲሊንደሮች በሁለት ረድፍ፣ በቪ ፊደል ቅርጽ የተደረደሩበት የሞተር ዓይነት ነው። እኛ አገር ግን ስሙ ለቶዮታ ላንድ ክሩዘር 200 ተሰጥቶ ቀረ። ይህ መኪና ከ2007 እስከ 2021 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተመረተ ሲሆን፣ ናፍጣው 4.5 ሊትር፣ ባለ ሁለት ተርቦ ቪ ኤይት ሞተር አለው።

በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. የተተካው በላንድ ክሩዘር 300 ነው። ብዙ ሰው ይህንንም "አዲሱ ቪ ኤይት" ይለዋል፤ ነገር ግን ስምንት ሲሊንደሩ ቀርቷል። ሁሉም የ300 ሞተሮች ባለ ስድስት ሲሊንደር ናቸው። 3.3 ሊትር ባለ ተርቦ ናፍጣ፣ 3.5 ሊትር ባለ ተርቦ ቤንዚን፣ እንዲሁም በባሕረ ሰላጤው አገሮች በብዛት የሚሸጠው 4.0 ሊትር ተርቦ የሌለው ቤንዚን አሉት። ሻጭ "ቪ ኤይት ነው" ብሎ 300 ቢያሳይዎት በስሙ አይከራከሩ፤ ሞተሩ የትኛው እንደሆነ ግን ይጠይቁ። ለጎጃም መንገድ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ምክንያቱን ዳገቱ ላይ እናገኘዋለን።

ዳገቱ፦ አየሩ ሲሳሳ

ሞተር ነዳጅ ብቻ አይበላም፤ አየርም ይተነፍሳል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2450 ሜትር ላይ ናት፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተርም አቅሙ በዚያው ልክ ይቀንሳል። በዱባይ 271 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው 4.0 ሊትር ቤንዚን ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ወደ 200 ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። የጮቄ ተራራ ጫፍ ከ4000 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ የሚቀንሰው ወደ 40 በመቶ ይጠጋል።

ተርቦ ያለው ሞተር አየሩን አምቆ ወደ ውስጥ ስለሚገፋ የአየሩ መሳሳት ብዙም አይጎዳውም። የ200 ናፍጣ እንደተሸጠበት አገር ከ615 እስከ 650 ኒውተን ሜትር የሚደርስ የማዞር ኃይል አለው፤ የ300 ናፍጣ ደግሞ 700 ይደርሳል። ይህ ቁጥር በተግባር ምን ማለት ነው? ከዓባይ ወደ ደጀን ሲወጡ ከፊትዎ የተጫነ ተሳቢ በእግር ፍጥነት እየተሳበ ነው። የሚታይ ቀጥ ያለ መንገድ ሲያገኙ በትንሽ ሞተር ያለ መኪና ለመቅደም ማርሽ ይቀይራል፣ ይጮኻል፣ ሰዓቱ ይረዝማል። እኛ በሄድንበት ቪ ኤይት ሾፌሩ እግሩን ትንሽ ጫን ሲያደርግ መኪናው ሳያጓራ ተሳቢውን አልፎ ወደ መስመሩ ይመለሳል። በተቃራኒ መስመር የሚቆዩበት ጊዜ አጭር መሆኑ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ለዚህ ጥቅም መኪናው ሙሉ ነጥብ ይገባዋል።

ቁልቁለቱ፦ እውነተኛው ፈተና

ብዙ ሰው ስለ ትልቅ መኪና ሲያወራ ስለ ዳገት አቅሙ ነው የሚያወራው። በዓባይ በረሃ ግን ሰው የሚጎዳው ይበልጥ ቁልቁለቱ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ክብደት ጠላት ይሆናል።

ሒሳቡን እንየው። ላንድ ክሩዘር 200 ባዶውን 2.7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ቤተሰብና ሻንጣ ሲጨመር ከ3 ቶን ያልፋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ድረስ ከፍታው ከ1300 ሜትር በላይ ይቀንሳል። 3 ቶን ያህል ከዚያ ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፣ ያንኑ መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከ30 ጊዜ በላይ ሙሉ በሙሉ ከማቆም ጋር እኩል ነው። ይህን ሁሉ ጉልበት ፍሬን ብቻውን ይሸከም ካሉት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ ዘይቱ ሊፈላ ይችላል፣ ፔዳሉም ሲረግጡት ባዶ ይሆናል። ቁልቁለቱን ሲወርዱ የሚሸትዎ የተቃጠለ ሽታ ምንጩ ይኸው ነው።

ላንድ ክሩዘሩ ለዚህ መልስ አለው፤ መልሱን ግን ሾፌሩ ማወቅ አለበት። አውቶማቲክ ማርሹን ከ"ዲ" ወደ "ኤስ" አድርጎ ዝቅ ባለ ማርሽ መውረድ ነው። ያኔ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል፣ ፍሬኑም ለኩርባው ብቻ ይቆያል። የእኛ ሾፌር ሙሉውን ቁልቁለት በዚህ መንገድ ነው የወረደው፤ ታች ስንደርስ ምንም ሽታ አልነበረም። ቀስ ብሎ ለመውረድ የሚያግዘው "ዳውንሂል አሲስት" የሚባለው መሣሪያ ለአስፋልት ሳይሆን ለገደላማ ጥርጊያ መንገድ የተሠራ መሆኑንም ይወቁ።

ታች ወንዙ ጋ ሲደርሱ 303 ሜትር የሚረዝመው የሕዳሴ ድልድይ ይቀበልዎታል። በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ፣ በጳጉሜን ወር ተመርቋል። በሁለቱም በኩል ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድም በጃፓን ዕርዳታ የተሠራ ነው። ነገር ግን የሸለቆው አፈር ስለሚንሸራተትና የከባድ መኪና ጫና ስለሚበዛበት አስፋልቱ በየቦታው ይሰምጣል፣ ይጨማደዳል። ትንሽ አውቶሞቢል ሆዱ የሚነካበትን ቦታ ላንድ ክሩዘሩ ያለ ጭንቀት ያልፈዋል። ሆዱ ከመሬት ያለው ከፍታ ወደ 23 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

አንድ ነገር በጎን ላንሳ። የኤሌክትሪክ መኪና በዚህ ቁልቁለት ላይ የተለየ ጥቅም አለው። ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተቀይሮ ከሚባክነው ጉልበት ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ዳገቱ ላይም የአየሩ መሳሳት አይነካውም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከወጡ በኋላ ቻርጅ ማድረጊያ እንደ ነዳጅ ማደያ በየከተማው አያገኙም።

ወንበሮቹ፦ ሦስተኛው ረድፍ የማን ነው?

ከፊትና ከመካከለኛው ረድፍ እንጀምር። እዚህ ላይ የሚወቀስ ነገር የለውም። ወንበሩ ሰፊ ነው፣ የውጭው ድምፅ ሩቅ ነው፣ የኋላ ተሳፋሪ የራሱ ማቀዝቀዣ አለው። ይህ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ዓባይ በረሃ ላይ ሙቀቱ ልብስ ሲያስወልቅ፣ ከሰዓት ተኩል በኋላ ሉማሜ ላይ ብርዱ ጋቢ ሲያስፈልግ ግን ጥቅሙ ይገባዎታል። የላይኛው ደረጃ የሆነው ቪ ኤክስ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ትንሽ ማቀዝቀዣ ሳጥን አለው፤ የሕፃን ወተት ወይም መድኃኒት ለያዘ ቤተሰብ ይጠቅማል።

ሦስተኛው ረድፍ ግን ሌላ ታሪክ ነው። መኪናው ስምንት ሰው ይይዛል ተብሎ ይሸጣል። የኋላው አክስል አንድ ወጥ ብረት ስለሆነ ከሥሩ እንደልቡ እንዲነሳና እንዲወርድ የኋላው ወለል ከፍ ተደርጓል። ስለዚህ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ አዋቂ ጉልበቱ ወደ ደረቱ ይጠጋል። እዚያ ለመድረስም መካከለኛውን ወንበር አጥፎ ከፍ ካለ መኪና ላይ መንጠላጠል ግድ ነው። አያቴ ለመውጣት በሁለት ሰው ተደግፋ፣ ወገቧን ይዛ ሾፌሩን፣ "ልጄ፣ ይኼ መኪና ነው ቆጥ?" ብላዋለች። ከዚያ መካከለኛው ረድፍ ላይ በመስኮቱ በኩል አስቀመጥናት፤ ወደ ኋላ የገቡት ሁለት ጎረምሶችና እኔ ነን። አዛውንት ለሚያሳፍር ቤተሰብ የእግር መወጣጫውና የእጅ መያዣው ከቆዳ ወንበሩ የበለጠ ጠቃሚ ነው። ሲገዙም ሆነ ሲከራዩ በዕድሜ ትልቋን የቤተሰቡ አባል ይዘው ሄደው ሲወጡና ሲወርዱ ይዩ።

ልጆች ላላቸውም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ይህ መኪና ከፍ ያለ ስለሆነ በኩርባ ላይ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ዘንበል ማለቱ ደግሞ በጣም የሚሰማው ከኋላ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው ጠመዝማዛ መንገድ የሚያቅለሸልሸው ልጅ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከተቀመጠ ፌስታል ያዘጋጁ። የሕፃን ወንበርም ቦታው መካከለኛው ረድፍ ነው።

ሻንጣ ማስቀመጫውን በተመለከተ በ200 እና በ300 መካከል ቤተሰብ በየቀኑ የሚያስተውለው ልዩነት አለ። የ200 ሦስተኛ ወንበር ሲታጠፍ ወደ ግራና ቀኝ ተነስቶ ይሰቀላል፤ ቦታ ይሻማል፣ መስኮትም ይጋርዳል። የ300 ወደ ወለሉ ውስጥ ገብቶ ለጥ ይላል። በሁለቱም ግን ሦስተኛው ረድፍ ከተዘረጋ ለሻንጣ የሚቀረው ቦታ ጠባብ ነው።

ከጎጃም ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ደግሞ የለም። ጤፉ በማዳበሪያ፣ ቅቤው በቅል፣ ማሩ በጀሪካን ይመጣል። "ትልቅ መኪና ነው፣ ይችላል" ተብሎ ፖርቶ መጋላው ላይ ይጫናል። ልብ ይበሉ፤ የ200 ከነጭነቱ የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት 3350 ኪሎ ገደማ ነው። ከባዶ ክብደቱ ሲቀነስ ለሰውና ለዕቃ የሚቀረው ወደ 600 ኪሎ ብቻ ነው። ስምንት አዋቂ ሰዎች ብቻቸውን 500 ኪሎ ይደርሳሉ። በዚያ ላይ ሁለት ኩንታል ጤፍ ጣራ ላይ ከተጫነ መኪናው ከአቅሙ በላይ ሆኗል፤ ክብደቱም ከላይ ስለሆነ በኩርባ የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል። ጤፉን ለብቻው በጭነት መኪና ይላኩት።

አስፋልቱ ሲያልቅ

ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ፣ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተማነቷ ጀምሮ ስሟን ወደ ሰጣት ወደ ቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ቪ ኤይት አያስፈልግዎትም። ባጃጅ ያደርስዎታል። መኪናው ዋጋውን የሚመልሰው ከከተማው ሲወጡ ነው።

የምሥራቅ ጎጃም አፈር በብዙ ቦታ ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት እንደ ሙጫ ይይዛል። ሁለት ጎማ ብቻ የሚያዞር መኪና በሐምሌ ዋልካ ውስጥ ከገባ የሚወጣው በበሬ ወይም በሰፈር ጎረምሳ ነው። ላንድ ክሩዘሩ አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ ያዞራል፤ ከዚያም በላይ ለጭቃና ለገደል የሚሆን ዝቅተኛ ማርሽና የመካከለኛ ዲፈረንሻል መቆለፊያ አለው። በጮቄ ግርጌ ወዳሉ ቀበሌዎች ዘመድ ለመጠየቅ፣ ለቅሶ ለመድረስ ወይም በክረምት የታመመ ሰው ለማምጣት ለሚመላለስ ቤተሰብ ይህ ቅንጦት አይደለም። እዚህ ላይ መኪናው ተወዳዳሪ የለውም ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ጎማው ጥሩ ካልሆነ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ብዙ የከተማ ቪ ኤይቶች የተገጠመላቸው ለአስፋልት የሚሆን ጎማ ነው። ዋልካው ጥርሱን ከሞላው አራቱም ጎማ ቢዞር መንሸራተት ነው።

ማንኛውም መኪና የማይመልሰውም ጥያቄ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ምክንያት ይህ መንገድ የሚዘጋበትና የሚያሰጋበት ጊዜ ብዙ ነው። ትልቅና ውድ መኪና በእንዲህ ያለ ወቅት ከሩቅ የሚታይ መኪና ነው። ከመነሳትዎ በፊት መንገዱ ላይ ያሉ ዘመዶችዎን ደውለው ይጠይቁ፤ "አትምጡ" ካሉዎት ይስሟቸው። የመኪናው አቅም የመንገዱን ሰላም አይተካም።

የተቀሩት 350 ቀናት

ጎጃም የሚሄዱት በዓመት ስንት ጊዜ ነው? ለፋሲካ፣ ለሠርግ፣ ምናልባት ለክርስትና። ለብዙ ቤተሰብ አሥር ወይም አሥራ አምስት ቀን ቢሆን ነው። በቀሩት ቀናት መኪናው ትምህርት ቤት፣ ቢሮና ገበያ ይመላለሳል። አምስት ሜትር የሚጠጋ ርዝመትና ሁለት ሜትር የሚጠጋ ወርድ ያለው መኪና በኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ማቆም ምን እንደሚመስል ይገምቱት።

ነዳጁን እናስላ። በአውስትራሊያ መለኪያ የ300 ናፍጣ በ100 ኪሎ ሜትር 8.9 ሊትር ይጠጣል ይባላል። ይህ የላቦራቶሪ ቁጥር ነው። በዓባይ ዳገትና ሙሉ ጭነት 12 ሊትር ብንይዝለት፣ ደርሶ መልሱ 600 ኪሎ ሜትር 72 ሊትር ይፈጃል። 7 ሊትር የሚጠጣ ትንሽ መኪና 42 ሊትር ይበቃዋል። ልዩነቱ 30 ሊትር ነው፤ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚደረግ ጉዞ አያስጨንቅም።

የሚያስጨንቀው ከተማው ነው። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ለ300 ቀን ቢነዱ 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሆናል። በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ትልቁ 15፣ ትንሹ 8 ሊትር ቢጠጡ በዓመት 1800 እና 960 ሊትር ይመጣል። የ840 ሊትር ልዩነት አለ። ይህን በዛሬው የማደያ ዋጋ ያባዙትና ከወር ደመወዝዎ ጋር ያስተያዩት። በዚያ ላይ የጎማው መጠን፣ የሞተር ዘይቱ ብዛት፣ በመኪናው ዋጋ ልክ የሚሰላው ሙሉ ኢንሹራንስ ይጨመራል። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ ከዶላሩ ጋር ሽቅብ ሄዷል።

ዋጋው፦ ምኑን ነው የሚገዙት?

የዚህ መኪና ዋጋ ከፋብሪካው ዋጋ ጋር የማይገናኝበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ1800 ሲሲ በላይ በሆነ አዲስ አውቶሞቢል ላይ 100 በመቶ ኤክሳይዝ ጣለ፤ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ አሮጌ ላይ ደግሞ እስከ 500 በመቶ። ጉምሩኩና ተጨማሪ እሴት ታክሱ ለብቻቸው ናቸው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ ገበያው ላይ ያለው ቪ ኤይት በአብዛኛው ቀድሞ የገባው ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

ሻጮች ከዚህ ተነስተው "ቪ ኤይት ወርቅ ነው፣ ዋጋው አይወርድም" ይላሉ። እስካሁን እውነትነት አለው። ላንድ ክሩዘር በዓለም ገበያም ዋጋ ይዞ የሚቆይ መኪና ነው። 300 ሲወጣ ጃፓን ውስጥ ገዢዎች በአንድ ዓመት ውስጥ መልሰው እንዳይሸጡ ቃል እንዲገቡ ተጠይቀው ነበር። ነገር ግን በገበያ ሰው ዓይን ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ በብር ሲታይ ዋጋው ከፍ ያለ የሚመስለው ብር ስለወረደ ሊሆን ይችላል፤ ትርፉን ከመቁጠርዎ በፊት ያው ገንዘብ በቤት ወይም በሥራ ላይ ቢውል ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ያስቡ። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የታክስ ማበረታቻ እያገኘ ነው። ቻርጅ ማድረጊያው እስከ ደጀንና ደብረ ማርቆስ የተዘረጋ ቀን የትልቅ ናፍጣ መኪና ፈላጊ ቁጥር ዛሬ እንዳለው አይቀጥልም።

እንግዲህ ገንዘቡ ለምን ለምን እንደሚከፈል እንይ። ከፊሉ ለሞተሩ፣ ለቁመቱና ለጥንካሬው ነው፤ እነዚህ በዓባይ በረሃና በዋልካው ላይ ተፈትነው አልፈዋል። ከፊሉ ለታክስ ነው። ከፊሉ ግን ለዚያ ሳይጠየቅ ለሚከፈተው በር ነው። ክብር መግዛት ነውር አይደለም፤ ሠርግ ላይ ቪ ኤይት የምንከራየውም ለዚሁ ነው። ነውሩ ክብሩን በልጆች የትምህርት ገንዘብ ገዝቶ "ለቤተሰቡ ደኅንነት ነው" ማለት ነው።

ከመግዛትዎ በፊት

ሐሳብዎን ከቆረጡ እነዚህን ይያዙ።

የሞተሩን ዓይነት ከሊብሬው ላይ ያረጋግጡ። ደጋ ለሚመላለስ ቤተሰብ ተርቦ ያለውን ይምረጡ።

ናፍጣው የጭስ ማጣሪያ ካለው ይጠይቁ። እንዲህ ያለው ማጣሪያ ድኝ የበዛበት ናፍጣ አይስማማውም፤ በከተማ አጭር ጉዞም ይደፈናል።

የሙከራ ጉዞዎን ቦሌ መንገድ ላይ አያድርጉት። ወደ እንጦጦ ወጥተው ይውረዱ። ሲወርዱ ፔዳሉ የሚንቀጠቀጥ ወይም መሪው ወደ ጎን የሚስብ ከሆነ የፍሬኑን ዲስክ ያሳዩ።

ከራስዎ መካኒክ ጋር ይሂዱ። ከድርጅት ጨረታ የወጣ መኪና ከሆነ በየትኛው አካባቢ እንደሠራ ይጠይቁ፤ ቆሻሻው ቢታጠብም ሻንሲው ላይ ያለው ዝገትና ጭረት ብዙ ይናገራል።

ቤተሰቡን በሙሉ አስገብተው፣ ሦስተኛውን ረድፍ ዘርግተው፣ ሻንጣውንም ጭነው ይሞክሩ።

ለማን ያዋጣል?

በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ከአስፋልት ለሚወጣ፣ ገጠር እርሻ ወይም የግንባታ ሥራ ላለው፣ ከስድስት በላይ ሆኖ ለሚጓዝና ለመኪናው ቤቱን ወይም ጥሪቱን ለማይነካ ቤተሰብ ላንድ ክሩዘር ያዋጣል። 200ም ይሁን 300 ተርቦ ናፍጣውን ይያዝ፤ ሁለቱን የሚያወዳድር ከሆነ ደግሞ የ300 የሻንጣ ቦታና ቀለል ያለ ክብደት ለቤተሰብ ይሻላል።

አራት አምስት ሆኖ በአስፋልት ብቻ ደብረ ማርቆስ ደርሶ ለሚመለስ ቤተሰብ ግን ትርፍ ነው። ባለ 2.8 ሊትር ተርቦ ናፍጣ ፕራዶ ያንኑ ዳገት ይወጣል፣ ያንኑ ቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ ይወርዳል፤ ለአብዛኛው የገጠር መንገድም በቂ ነው። እሱም ከበዛ ለከተማው ትንሽ መኪና ይያዙና ለፋሲካና ለሠርጉ መንገዱን ከሚያውቅ ሾፌር ጋር ቪ ኤይት ይከራዩ። በዓመት ለአሥር ቀን የሚከፍሉት ኪራይ ከኢንሹራንሱና ከጎማው ጋር ሲወዳደር ስንት እንደሚሆን ወረቀት ላይ ያስሉት።

መኪና ሻጩ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ባለፈው ዓመት ከአስፋልት የወጡበትን ቀን ብዛት በጣትዎ ይቁጠሩ። ሁለት እጅ ከበቃዎ ለጊዜው መከራየቱ ይሻልዎታል።